የካዛንቺሷ ቲቸር ሳምራ

ሳምራ ሙሐሲን ማስተማር የጀመረችው ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው። በ1986 ዓ.ም. የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሲል የሒሳብ መምህራቸው ጋሽ ኦልጅራ ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ጭራሽ ተዘጋ። ምትክ አልተገኘም። እሳቸውም ቤቴ ተኝቼ አልውልም ብለው መጡና ሳምራን ወደ ሰሌዳው ጠሯት። እሳቸው ይጽፋሉ፣ እሷ ታስረዳለች፤ ስትሳሳት በጠመኔው ሰሌዳውን ኳ ያደርጉታል። ክፍሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለፈ። ካዛንቺስ ጨርቅ የሚነግዱት አባቷ ሱቁን ትረከበኛለች ብለው ያስቡ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ከማስተማር ሌላ ሥራ አልታይ አላት።

ኮተቤ ሠልጥና ጥቂት ዓመት ሌላ ቦታ ከሠራች በኋላ፣ ዝውውር ጠይቃ ወደ ተማረችበት ትምህርት ቤት ተመለሰች። የመጀመሪያው ቀን መምህራን ማረፊያ ገብታ እጇን አጣምራ ቆመች። ባስተማሯት ሰዎች ፊት መቀመጥ ከበዳት።

«ወንበር ሳቢ እንጂ» አሏት ጋሽ ኦልጅራ። «ከእንግዲህ ባልደረባዬ ነሽ።»

ዓመታት አለፉ፤ ጋሽ ኦልጅራም ጡረታ ወጡ። ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይፈርስ ጀመር። የነሳምራም ቤት ፈርሶ ቤተሰቡ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ጎረቤቱም ተበተነ። በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ሆቴልና ቢሮ በዛ፣ ልጅ ያለበት ቤት ግን ጠፋ። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተቆለፉ። በ2005 ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ቸሩ መምህራኑን ሰብስቦ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከሌላ ጋር ሊዋሃድ መታሰቡን ነገራቸው። እሱም አዝኗል፤ ግን ልጅ ከሌለ ምን ይደረጋል አለ።

ሳምራ ከጀሞ የምትመጣበትን አውቶቡስ አሰበች። ጠዋት ጠዋት አብረዋት የሚጋፉት የሆቴል ጽዳት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ ስታዲየም አካባቢ የሚነግዱ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ የድሮ ጎረቤቶቿ ነበሩ። ቤታቸው ሄደ እንጂ እንጀራቸው እዚሁ ቀርቷል።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ ለመጪው ዓመት ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤታችን ይዛችሁልኝ ኑ አለቻቸው። የሳቀባትም ነበር። ሆቴል ልብስ የምታጥበው ገበያነሽ ግን አልሳቀችም።

«ቲቸር፣ እኔ ከሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ልጄ ከክፍል ከወጣች በኋላ ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ» አለቻት ሳምራ።

ይህን ስትል ማንንም አላማከረችም። አቶ ቸሩ ሲሰማ፣ ማን ይከፍልሽና ነው ብሎ ተቆጣት። እሷ ክረምቱን ሙሉ በየሆቴሉ ጓሮ፣ በየጥበቃው ቤት፣ እስከ ለገሃር ድረስ እየዞረች ወላጅ አነጋገረች። ሁለት መምህራንም ከክፍል በኋላ ልጅ ለመጠበቅ ተራ ገቡላት።

የምዝገባው ቀን ማልዳ በሩ ላይ ቆመች። የሚመጣ ሰው ሲዘገይ ደጋግማ መንገዱን አየች። አውቶቡሱ ሲደርስ ግን የሥራ ልብስ የለበሱ እናቶች ልጅ ልጃቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ይወርዱ ጀመር፤ ገበያነሽ ከፊት ነበረች። ከሰዓት በኋላ አቶ ቸሩ ኮቱን አውልቆ የተቆለፉትን ክፍሎች ሲያስከፍት ዋለ። በሳምንቱ ዴስክ ለመዋስ በየትምህርት ቤቱ ዞረ። የመዋሃዱን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳው የለም።

ሳምራ አንደኛ ክፍልን ራሷ ጠይቃ ወሰደች። መስከረም ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተጣበቡትን ልጆች ስማቸውን ስትጠይቅ፣ አንዷ ብድግ አለችና አባቷ እዚህ እንደተማረ ተናገረች።

«እኔም» አለች ሳምራ፣ ጠመኔዋን እያነሳች።