ሸማኔው አማቼና የእኔ ስም

የኮሎምበስ ወገኖቼ ሆይ፣ ጸጥታ! ዛሬ ከከተማችን ዳር ጋሃና በምትባለው ሰፈር ካለው ሳሎኔ ታላቅ ዜና ወጥቷል፤ ስሜ ከሥልጣኑ አልወረደም።

የልጅ ልጄ ሩት ፈረንጅ እጮኛዋን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እዚህ በቤተሰቤ ስም ዌበር ይሉኛል፤ በጀርመንኛ ግን ቬበር ነው። ሸማኔ ማለት ነው» አለኝ።

ስሙን ወደድኩት። ግን የሩት ላስት ኔም የእኔ ስም ነው፣ ደምሴ። ስታገባ ሊቀር ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

«አንቺም ሚስስ ሸማኔ ልትሆኚ ነው?»

«ኖ ዌይ፣ አባባ! እኛ ጋ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

እፎይ! ተመስገን!

በደስታዬ ልጁን «በባህላችን ሸማኔ የሆነ አማች ለአያት ጋቢ ይሸምናል» አልኩት። ይኸው ዩቲዩብ ላይ ሽመና እየተማረ ነው።

እናንተስ ቤት የፈረንጅ አማች ስም ሲገባ ምን ተባለ? ጻፉልኝ።

የጋቢውን ባህል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሸምኖ እስኪጨርስ አደራ፣ እንዳትነግሩት።