በፊውዝ ፋንታ የታሰረው ሽቦ

ዋጃ ላይ የተቃጠለውን የውኃ ፓምፕ ሞተር መንስኤውን ለመመርመር ስፈታ የጠቆረው የሽቦ ጥቅልል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እሳት አባቴን በገደለበት ቀን ቆቦ ያለው ወፍጮ ቤታችን እንዲሁ ነበር የሸተተው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ውጭ ያለቅሳሉ። አጎቴ የፊውዙን ሳጥን ከፍቶ በፊውዝ ፋንታ የታሰረ ወፍራም ሽቦ በፒንሳ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

«አንቺ ምንም አላየሽም» አለኝ። ወጥቶ ለእናቴ «የአላህ ቀደር ነው» አላት።

ሽቦውን ያሰረው አባቴ ራሱ እንደነበር፣ ሞተሩ ሲግል መብራቱ ያልተቋረጠውም በዚያ ምክንያት እንደሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

የዋጃውም የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ያው ዓይነት ሽቦ ታስሮ ነበር። ነቅዬ በላስቲክ አሸግኩት፤ መንስኤውን ሪፖርቴ ላይ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ እናቴ «ዛሬስ ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።