ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን

ባለፈው ረቡዕ ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴ ቤት ሄጄ፣ መድኃኒቴን አቀብይኝ ብላኝ ቁም ሣጥኗን ስከፍት የቆዳና የቅባት ሽታ ከነአቧራው አፍንጫዬን ሞላው። የታናሽ ወንድሜ የብሩክ የቤዝቦል ጓንት ነው። እናቴ የስኳሯን ኪኒን፣ የዓይን ጠብታዋን፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን ሁሉ እሱ ውስጥ አጭቃለች፤ ስንቱን የሚበር ኳስ የቀለበ መዳፍ ላይ አሁን መነጽሯ ተጋድሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ፈገግ ይል ነበር፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ያን ሽታ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን ከሕንፃችን ጀርባ የልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት የሌለው የጡብ ግድግዳ ነበረው፤ ብሩክ ከትምህርት ቤት እንደገባ ቦርሳውን ደረጃው ላይ ጥሎ እስኪመሽ ድረስ ኳሱን ከዚያ ግድግዳ ጋር ያማታዋል፤ እኔ ከማድረቂያው ቱቦ የሚወጣው ሞቃት የሳሙና ጠረን እያወደኝ፣ ደረጃው ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ኳሱ ጡቡን ሲመታ ጧ፣ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ ጵ ሲል እየሰማሁ አደግሁ። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ይጮሁበት ነበር፤ በኋላ ለምደውት፣ ድምፁ የጠፋ ቀን ልጁ ታመመ ወይ ብለው በሩን ያንኳኩ ጀመር።

እናቴ ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ዕለት ግራ ገብቷት ቀረች። ሌሎቹ ልጆች የሚጠብቁት ነጭ ትራስ የመሰለ ነገር አለ፤ የሷ ልጅ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ትራስ መሃል ባዶ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ሾርትስቶፕ ማለት እንዲህ ነው፣ ከሁሉም የሚፈጥነው ልጅ ነው እዚያ የሚቆመው ብላት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቃት "ልጄማ ጎጆ የሌለው ዘበኛ ሆኗል" እያለች ታስቅ ነበር። ለሷ ኳስ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ብሩክ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሁዳዴን ከእናታችን ጋር ጾሟል። ማንም አላስገደደውም። እሷ እንዳስተማረችው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምስ ይውላል፤ እንዳስተማረችውም ለማንም አይናገርም፣ ጾም ለታይታ አይደለምና። ይህ ለተማሪ ልጅ መልካም ነበር። ግን አድጎ በሙያው ተቀጥሮ መጫወት ሲጀምር፣ በየዓመቱ ክለቡ ማን ይለፍ ማን ይውደቅ ብሎ ልጆቹን የሚለይበት የፍሎሪዳ ልምምድ ከሁዳዴ ጋር እየተጋጠመ መጣ። ግጥሚያው በሰባት ሰዓት ይጀመራል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሌላው ሁሉ ጠርሙስ እየጨለጠ ሲሮጥ ወንድሜ ምራቁን እየዋጠ ይሮጣል። በጋ ሲመጣ የሚደርስበት የለም። ግን በበጋ ማን ይመርጣል? አሠልጣኞቹ ይህ ልጅ በጸደይ ይሰንፋል እያሉ ከዓመት ዓመት በታችኛው ሊግ አቆዩት። ምን በልተህ መጣህ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም! ኳስ የሚመታበትን ዱላ ክብደት እየመዘኑ የልጁን ከንፈር መድረቅ አላዩም።

እነሱስ ባዕድ ናቸው እንበል። እናቴ ግን በዚያው ሰሞን አሌክሳንድሪያ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳ ስትጥል ትውል ስለነበር፣ የንስሐ አባታችን "ሥራሽ ከባድ ነው፤ በስድስት ሰዓት ቅመሽ" ብለው ፈቅደውላታል። አንድ ቃል ነው የፈጀው። እኔም ስልክ አንስቼ ለብሩክም ጠይቂለት ብዬ ለመንኳት።

"ለጨዋታ ብዬ ጾም ላስፈታ? አባ ፊት በምን ዓይኔ ልቆም? አፈር በሆንኩ!" አለችኝ።

እንግዲያውስ አንተው አባን ጠይቃቸው ብዬ ለብሩክ ደወልኩለት፤ እሱም "እማዬ ካላለች አይሆንም" ብሎ ዘጋው።

በመጨረሻው ዓመት ዋናው ቡድን ሊገባ አንድ እርምጃ ነበር የቀረው። በአንድ የቀን ግጥሚያ ወደ ግራው የተመታ ኳስ ተወርውሮ ቀለበ፤ ሊነሳ ሲል ግን ጉልበቱ ከዳው፣ እዚያው ተዘረረ። ልቡን መረመሩት፣ ጭንቅላቱን በራጅ አነሱት፣ ምንም አላገኙም። ምን ሆንክ ሲሉት "ደህና ነኝ" አለ። ጾሜ ነው አላለም፤ ጾም አይነገርማ! የማይተማመኑበት ገላ ነው ብለው አሰናበቱት። ያን ሁሉ ዓመት ከጡብ ግድግዳ ጋር የተማማረ ልጅ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠፍቶ ቀረ። ዛሬ ድረስ ቴሌቪዥን ላይ በእሱ ቦታ የቆመ ሰው ባየሁ ቁጥር እቆጣለሁ፤ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር ነው ጠቤ።

ያን ረቡዕ ጓንቱን ታቅፌ ቆሜ ሳለ ብሩክ ገባ። አሁን ፌርፋክስ ውስጥ የቤት አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ እናታችን ስኳር ስላለባት በሁዳዴም እንድትበላ ታዟልና በምሳ ሰዓቱ እየመጣ ያበላታል። ጣሪያ ሥር ሲሠራ አርፍዶ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ምስሯን አሞቀላት፤ ኪኒኗን ከገዛ ጓንቱ መዞ ሰጣት፤ ውሃዋን ቀዳላት። እሷም ቀና ብላ አየችው።

"አንተስ ተጎንጭ እንጂ የኔ ጌታ! እንዲህ ያለ ሥራ እየሠራህ? አንድ ብርጭቆ ውሃ ምን ይሆናል፣ እግዜር ያውቅልሃል" አለችው።

ጩኺ ጩኺ አለኝ። ለማቀዝቀዣ የተፈቀደው ውሃ ያኔ ለኳስ ቢፈቀድ ምን ነበረበት? አፌን ከፍቼ ነበር፤ ብሩክ አየኝና ተዪ በሚል ዓይን አቆመኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተ፤ ከሰባት ገና ፈቅ አላለም።

"ኢትስ ኦኬ እማዬ" አላት፣ ብርጭቆውን ወደ እሷ እየገፋ። "ዘጠኝ እስኪሆን እችላለሁ።"