ከጉንጬ የተቆረጠው

መጀመሪያ ያየሁት ጢሜን ስላጭ ነው። ግራ ጉንጬ ላይ፣ ከዓይኔ ዝቅ ብሎ፣ ሽምብራ የምታህል ጠንካራ እብጠት። አታምም፣ አታሳክክ። ነቀምት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ "ብጉር ናት" እያልኩ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ።

ስታድግ አንድ ክሊኒክ ገብቼ አስቆረጥኳት። ባለሙያው ቁራጩ ለምርመራ ይላክ አለኝ። እኔ ግን የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ ይቀበራል እንጂ በጠርሙስ አገር ለአገር አይዞርም። ለምኜ ተቀበልኩና ጓሮዬ ቀበርኩት። የተገላገልኩ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ!

በዓመቱ ጠባሳው ላይ ሦስት ሆኖ በቀለ። ሪፈር ተጽፎልኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሐኪም የወለጋ ልጅ ነው።

"ኦቦ ሰይድ፣ ያኔ የተቆረጠው ውጤቱ የት አለ?"

"ቀበርኩት።"

አልሳቀብኝም። ከእብጠቱ ቆንጥረው የሚመረምሩትን ባዮፕሲ አዘዘ።

ውጤቱ መጣ። ዴርማቶፋይብሮሳርኮማ ፕሮቱቤራንስ። የቆዳ ካንሰር ነው። ብዙ ሰው ላይ አይገኝም።

"ወደ ሌላ አካል የመሄድ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሥሩ ግን ይዘረጋል። አስፍተን እንቆርጣለን። ዓይንዎን ለማትረፍ እንሞክራለን፤ ቃል ግን አልገባም።"

ቀኝ ዓይኔ ከልጅነቴ ደካማ ነው። የምሰፋው በግራው ነው።

አንገር ጉቲን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘሀራ ስትደውል "ጨርቅ ልገዛ መጥቼ ነው" አልኳት። መንገዱ አስጊ ነበር፤ ብትሰማ ትመጣለች። በተኛሁበት ክፍል ሁሉም አስታማሚ አለው። እኔ የለኝም። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ከጭኔ ቆዳ ወስደው ጉንጬን ሸፈኑት። ፋሻው ሲፈታ በግራ ዓይኔ የሐኪሙ ጋውን ኪስ ላይ አንድ የተዘለለ ስፌት አየሁና አለቀስኩ። ከቀናት በኋላ የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ከካንሰር ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። ባሏን ልታስታምም ከወለጋዋ ቢላ ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ደግሞ ሾርባ ባፈላች ቁጥር ለእኔም እየቀዳች፣ አልበላም ስል "ኛዱ፣ ኦቦሌሳ ኮ"፣ ብላ እንጂ ወንድሜ፣ እያለች እንደ ወንድሟ ስታበላኝ ሰነበተች። ሁለቱንም አላህ ይስጥልኝ።

እንደኔ የታመማችሁ፣ የሚቆረጠውን ሥጋ አስመርምሩ፤ ካገገማችሁም በኋላ ቀጠሮ አትዝለሉ። ሌላም አንድ ነገር አለ። ነቀምት ስመለስ ዘሀራ ከሰው ሰምታ መጣች። ጠባሳዬን በጣቷ ነካችና፣

"ብትሞትስ፣ ማን ሊነግረኝ ነበር?" አለችኝ።

እናንተ ለአንድ ሰው ንገሩ።