በሁለት ዲስክ የተከፈለው ሠርግ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። በሩ አጠገብ የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ ተቀምጠዋል፤ በፊልም ዘመን የጀመሩ ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። መስኮቱ ሥር የቪዲዮ ኤዲተሯ ሰዓዳ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ካሜራማኑ ብሩክ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ባትሪ ይቆጥራል። አራተኛው እኔ ናሆም ነኝ፤ ካቻቢቴ ይዤ የተከፈተ ኮምፒውተር ፊት ተንበርክኬያለሁ። ሁሉንም በስም የጠራሁት ያን ቀን ምን እንደተባለ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት የተበላሹ ዲስኮች እየፈታሁ፣ ማታ ማታ ቂርቆስ ቤቴ ማኑዋል እያነበብኩ ለመድኩት።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ሰዓዳ በአራት ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ ስትቆርጥ ምስሉ እየተቆራረጠ ይቆምባታል። ጋሽ ሙሉጌታ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት አዳዲስ ሃርድ ዲስክ ገዝተው ጠበቁኝ።

"ሁለት መንገድ አለ" አልኳቸው። "አንደኛው ሬድ አንድ ይባላል። ሁለቱም ዲስኮች ላይ ያው ነገር ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ሁለተኛው ሬድ ዜሮ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ይቆራረጥና ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይጻፋል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ፈጣን ነው።"

"በመጀመሪያው ስንት ቦታ አገኛለሁ?"

"የአንዱን ዲስክ ያህል።"

"ሁለት ገዝቼ?"

ሰዓዳ ማዳመጫዋን አወረደች። "ጋሼ፣ በቃ ፈጣኑ ይሁን! ማለቴ፣ አንዲት ሙሽራ ከመኪና እስክትወርድ እኔ አረጀሁ እኮ።"

"አንቺ ቆርጠሽ እስክትጨርሺ ሙሽሮቹ ይፋታሉ" አለ ብሩክ።

ሁሉም ሳቁ። በሳቁ መሀል "ግን አንዱ ዲስክ ከተበላሸ የሁለቱም ይጠፋል" አልኩ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ማንም ቀና አላለም። አልደገምኩትም። ብሎኖቹን አጠበቅኩና ሬድ ዜሮ አደረግኩት።

አምስት ወር ያለ ችግር ሠራ። ሰዓዳ ፍጥነቱን ወደደችው፤ "ናሆሜ ባይኖር ምን እሆን ነበር" ትል ነበር።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ ነው። ቅዳሜ የተቀረጸው እሑድ ጠዋት ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ የካሜራ ካርዶቹ ወዲያው ፎርማት ተደርገው ለመልሱ ይወጣሉ። ካርዱ ባዶ ሆኖ ካልወጣ ብሩክ ይቆጣል። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ። ሠርጉ ከእሑድ ጠዋት በኋላ የሚገኘው እኔ በሠራሁት ሬድ ዜሮ ላይ ብቻ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም።

ከዚያ የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ሠርግ መጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የቄራ ሰው ናቸው። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረጃ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሠርጉ እንዳይቀር ያዘዙት ራሳቸው ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነው። ቀዶ ጥገናው ለቀጣዩ ዓርብ ተቀጠረ። የሙሽራዋ ወንድም ዳዊት እሑድ ዕለት ብሩክን አንድ ነገር ለመነው፦ ሐሙስ ከሰዓት ቪዲዮው ይድረስልን፤ እማዬ ልጇ ከቤት ስትወጣ ሳታይ ቀዶ ጥገና ክፍል አልገባም ብላለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓዳ ጠራችኝ።

"ናሆም፣ ፎልደሩ የለም።"

"የትኛው?"

"ሁሉም።"

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋሁ። አንዱ ዲስክ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። ብሩክ ሊያስነሳው እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ እጁን ያዝኩት። ከዚያ በፊት የማንንም እጅ ይዤ አላውቅም።

"እንዳትነካው! በከፈትነው ቁጥር እየሞተ ነው።" ነቅዬ አጠፋሁት። "ካርዶቹስ?"

ብሩክ ሰዓዳን አየ፣ ከዚያ እኔን። "እኔው ነኝ ያጠፋኋቸው። መልሱንም በላዩ ቀርጬበታለሁ።"

ጋሽ ሙሉጌታ ሲገቡ ሦስታችንም ቆመን ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ አዳመጡኝ።

"አንዱ ከተበላሸ ሌላው ላይ ያለው ግማሽ አይሠራም?"

"አይሠራም። የአንድ ፋይል ቁርጥራጭ ነው።"

"ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ተናግሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን።"

"እኔ አልሰማሁም" አለች ሰዓዳ። ብሩክ ባትሪዎቹን ማየት ጀመረ። ጋሽ ሙሉጌታ ኮታቸውን አወለቁና "አሁን ምን ያስፈልግሃል?" አሉኝ።

ያስፈለገኝ ሌላ አዲስ ዲስክ ነበር። ከቀትር በፊት ራሳቸው ሄደው አመጡልኝ። ሐሳቤ ይህ ነው፦ የታመመውን ዲስክ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ የማይነበበውን እየዘለሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ። ከዚያ አዲሱን ከጤነኛው ጋር አጣምሬ እንደ ድሮው ሁለት አደርጋቸዋለሁ። የሚገለብጠው ፕሮግራም እስከ ረቡዕ ከሰዓት ይፈጃል አለ። በየተራ እንጠብቀው ጀመር። የተነበበው በመቶኛ እየተቆጠረ ይወጣል፤ ከጎኑ ደግሞ የጠፋው ይቆጠራል። ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ ቁጥር ሰዓዳ ፊቷን ታዞራለች።

ማክሰኞ ዳዊት መጣ። ጋሽ ሙሉጌታ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። "የእህትህ ሠርግ ያለበት ዲስክ ተበላሽቷል። እያወጣነው ነው። ምን ያህሉ እንደሚተርፍ አላውቅም።"

"ካርዱስ?"

"ተደምስሷል።"

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሙሽሮች ፎቶዎች አንድ በአንድ አያቸው። "እሺ፣ እናቴን ምን ልበላት?" አለ። "ነገ ማታ እደውልልሃለሁ፤ ያለውን እነግርሃለሁ" አልኩት። ሳይጨብጠኝ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቆጣሪው ዘጠና አንድ እንደደረሰ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይጮህ ጀመር፤ ስክሪኑ ላይ አሥራ አራት ደቂቃ ይላል። ዲስኩ አንዴ ከቆመ ተመልሶ መዞሩን እጠራጠር ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በስልሳ ስንት ዓመታቸው አራት ፎቅ በደረጃ ወረዱ። ጥበቃው "ጄኔሬተሩ ለሊፍት ብቻ ነው የተባልኩት" ብሎ ተከራከረ።

"ሊፍቱን አጥፋውና ወደ እኛ አዙረው!" ያሉት ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ።

"ሊፍት ውስጥ ሰው ቢኖርስ ጋሼ?"

"መብራት ከጠፋ ወዲህ በእግሬ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? ሊፍቱ ባዶውን ቆሟል እኮ!"

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ዩፒኤሱ ላይ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሰዓዳ ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፋች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ሁለቱን ዲስኮች አጣመርኩ፤ ፎልደሮቹ ተመለሱ። ብዙው ተርፏል። ብሩክ በዋናው ካሜራ የቀረጸው፣ ሙሽራዋ ከቤት የወጣችበት ፋይል ግን አልከፈት አለ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት። ሰዓዳ የሌሎቹን ካሜራዎች ፋይል አንድ በአንድ ስትከፍት ሦስተኛው ላይ አገኘችው፤ አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ከፊት ቆማ ግማሹን ጋርዳዋለች። በትከሻዋና በበሩ መሀል ሙሽራዋ ትታያለች። ለዳዊት ደወልኩና ይህንኑ ነገርኩት።

ሐሙስ ከሰዓት ላፕቶፕ ይዘን ሆስፒታል ገባን። ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አስጠርገው ተመለከቱ። በሩ ሲከፈት አንገታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ፤ ከሴትዮዋ ትከሻ ወዲያ ለማየት።

"ይቺ የተደቀነችው ማናት?"

"እትዬ ዘነበች ናት፣ እማዬ" አለ ዳዊት።

"ዕድሜዋን ሙሉ እንደጋረደችኝ!" ሳቁና ዳሌያቸውን አመማቸው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። "ከበሩ ጀምሩልኝ።" አራት ጊዜ ከበሩ ጀመርንላቸው። ዓርብ በሰላም ገብተው በሰላም ወጡ።

ሰኞ ጋሽ ሙሉጌታ "አሁን አንተ ወስን" አሉኝ። አራት ዲስክ ጠየቅኩ። ሁለት ሁለቱ ጥንድ ሆነው ያው ነገር ይጻፍባቸዋል፤ ፋይሉ ደግሞ ለሁለቱ ጥንዶች ይከፈላል። ሬድ አስር ይባላል። ፍጥነቱ ለሰዓዳ ይበቃታል፤ አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም። ግን ማንም ሰው በስህተት ፋይል ቢያጠፋ ከሁሉም ላይ ስለሚጠፋ፣ ሌላ ኮፒ በውጭ ዲስክ ተደርጎ ጋሽ ሙሉጌታ ቤት ይቀመጣል። ለመልስ የሚሆን ሁለተኛ ዙር ካርድም ተገዛ። ሁለቱም ኮፒ ተከፍቶ ሳይታይ ካርድ አይደመሰስም። ይህን በእጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት፤ ብሩክ ከሥሩ "ዝምተኛው ጮኸ" ብሎ ጻፈበት። አልፋቅኩትም።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህ ነው። ዲስክ ከመምረጥህ በፊት፣ ቢጠፋ ከየት እንደምታመጣው ጠይቅ። ከየትም የማይመጣ ከሆነ ፍጥነቱ ሁለተኛ ነው። ስጋትህን ሳቁ ሲያልቅ ድገመው።

ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሰዓዳ፣ ብሩክ፤ የረሳሁት ወይም ያዛባሁት ካለ ጻፉልኝ። በተለይ ብሩክ፣ ያን ቀን ከሁሉም ለእኔ የቀረብከው አንተ ነበርክ፤ ያልኩትን ሰምተህ ከነበረ ንገረኝ፣ ካልሰማህም ንገረኝ። እስካሁን ያ ንግግር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ ሌላ ኮፒ የለውም።