የአዴ ሞሚና ቀጭን እጅ

ሮቤ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የአዴ ሞሚናን እጅ በየቀኑ ያያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ የመረጉ፣ የለሰኑ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እንጨቱን ያቆማሉ፣ ማገሩን ይመታሉ፤ እሳቸው ጭቃውን ይረግጣሉ፣ ይመርጋሉ። ባለቤታቸው ከሞቱም በኋላ ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ ብቻቸውን ሠርተዋል። እጃቸው ታዲያ ሌላ ነገር ነው። መዳፉ ወፍራም፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተቋጠሩ፤ ጨብጦ ሰላም ያላቸው ሰው መዳፉን ሳያሻሽ አይሄድም።

የራሳቸው ቤት ግን የሌላ ሰው ይመስል ተረስቶ ነበር። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ጎብጦ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል፣ ቆርቆሮው ያፈሳል። አጋርፋ ያገባችው ልጃቸው ዙሀይራ በየሳምንቱ ትደውላለች። «እማ፣ ዝናቡ ሳይገባ ካልተሠራ መጥቼ እወስድሻለሁ። ግድግዳ ወደቀባት ሲሉኝ መስማት አልፈልግም» ትላለች። አዴ ሞሚና ልጃቸውን ይወዷታል። ነገር ግን አማቻቸው ቤት ጥግ ይዘው ተቀምጠው «ለእማማ ምሳ አቅርቡላቸው» የሚባልላቸው ሰው መሆንን ከግድግዳው የበለጠ ይፈሩታል።

በዚያው ሰሞን ከተማው ለቤት እድሳት ድጋፍ አግኝቷል፣ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤት ሊያድስ ነው ተባለ። ስማቸውን ያስመዘገበችው ጎረቤታቸው ቀለሟ ናት። ከቡታጅራ መጥታ በርበሬ ንግድ ከጀመረች ወዲህ በአንድ አጥር ተዋስነው ኖረዋልና በዕድሜ ብታንሳቸውም አንቺ ነው የሚባባሉት። ሳታማክራቸው አስመዘገበቻቸው፤ ቢያማክሯቸው ምን እንደሚሉ ታውቃለቻ!

ማዘጋጃ ቤቱ የላካት ሰቢሪና የምትባል ባለሙያ ቅጿን ይዛ መጣች። «አካም ጂርታን፣ አዴ?» ብላ በደንብ ሰላምታ ሰጠች፣ የጎበጠውን ግድግዳ በስልኳ አነሳች፣ ከዚያ ቅጹን ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። ቅጹ በኦሮምኛ ነው። ሁሉም ደህና ሄዶ «ሀርካ ቀሌሳ» የሚለው ላይ ደረሰች። በአማርኛው ወረቀት አቅመ ደካማ የሚባለው መሆኑ ነው፤ ቃል በቃል ከፈቱት ግን እጀ ቀጭን ማለት ነው። ኦሮምኛ ድሃን እንዲህ ብሎ ይጠራል፤ ሁሉም ይለዋል፣ ማንም ልብ አይለውም። አዴ ሞሚና ልብ አሉት።

«እስቲ ድገሚው» አሉ።

ደገመችው።

እጃቸውን ዘረጉላት። «ጨብጪው እስቲ፣ የኔ ልጅ። ቀጭን ነው?»

ሰቢሪና ጨበጠችው፤ ፊቷ ትንሽ ተኮማተረ። «አዴ፣ ቃሉ የቅጹ ነው እንጂ የኔ አይደለም።»

«እንግዲያው ቅጹን የጻፈውን ሰው አምጪልኝ፣ እሱ ይጨብጠው።»

ብትለምናቸው፣ ብታስረዳቸው አሻፈረኝ አሉ። እስከ ሐሙስ ካልፈረሙ ዕድሉ ለሌላ እንደሚያልፍ ነግራቸው ሄደች። ቀለሟ ይህን ስትሰማ የበርበሬ ወንፊቷን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ሊወድቅ ነው፣ አንቺ ከቃል ጋር ትጣያለሽ?»

«አንቺን ሀርካ ቀሌሳ ቢሉሽ ትፈርሚያለሽ?»

«ቤት ይሥሩልኝ እንጂ ዝንጀሮ ቢሉኝም እፈርማለሁ!»

አዴ ሞሚና ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ነበር፤ ግን እልኸኛ ናቸውና ፊታቸውን አዞሩ።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ ሳይጠበቅ መጣ። ከጎበጠው ግድግዳ ላይ ትሪ የሚያህል ጭቃ ተገምሶ ከአልጋቸው አጠገብ ዘጭ አለ፤ በቀዳዳው ውጭው ታየ። አዴ ሞሚና የወደቀውን አንስተው ቦታው ሊመልሱ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና እምቢ አላቸው። የስንቱን ቤት ያቆሙት ሴት አንድ ጭቃ ከወለል ማንሳት አቃታቸው። ያን ጊዜ ቆመው አለቀሱ፣ ማንም ስላላያቸውም እስኪወጣላቸው አለቀሱ።

በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ሰቢሪና የቀለም ሳጥኑን አቀረበችላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ቅጹ ላይ ተጫኑ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆነ።

«መስመር የለውም፣ አዴ» አለች ሰቢሪና ጣታቸውን እያገላበጠች።

«ጭቃ በልቶታል» አሉ።

ሥራው ሲጀመር የባንክ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ተማሪው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ግቢያቸውን ሞላው። ባህሩ የሚባለው አናጺ እየመራቸው የድሮውን ግድግዳ አፈረሱ፣ አዲስ ቋሚ ተከሉ፣ ማገሩን መቱ፣ ቆርቆሮውን ቀየሩ። ይህን ሁሉ አሳምረው ሠሩት። ለአዴ ሞሚና የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቷቸው «እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ ይረፉ» ተባሉ። ቁጭ አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ጭቃው ላይ ተደረሰ። አፈር ገለበጡ፣ ውኃ ደፉ፣ ጭድ በተኑ፣ ለስሙ ያህል ረገጥ ረገጥ አደረጉና ሊመርጉ እፍኝ እፍኝ ያነሱ ጀመር። አዴ ሞሚና ከዚህ በላይ አልቻሉም። ተነሥተው ከጭቃው ዘገኑና አሸተቱት፣ ከዚያ በሙሉ ክንዳቸው ማገሩ ላይ ለጠፉት። ጭቃው ትንሽ አሰበና ሸርተት ብሎ ወረደ።

«ጥሬ ነው!» አሉ። «ጭዱ ገና ከአፈሩ ጋር አልተዋወቀም። ሳምንት መሰንበት አለበት።»

«አዴ፣ ምረቃው ቅዳሜ ነው» አለች ሰቢሪና ተጨንቃ። «ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ካሜራ ይመጣል።»

«ይምጡ። ግድግዳው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀበላቸዋል።»

ሰቢሪና ባህሩን አየችው። ባህሩ እንጨት እንጂ ጭቃ ሙያው አልነበረምና፣ ሸርተት ያለውን ጭቃ አይቶ «እውነታቸውን ነው» አለ። ልጅቱ ራቅ ብላ አለቃዋ ጋ ደወለች። የአለቃው ድምፅ ከስልኩ አልፎ አጥሩ ድረስ ይሰማ ነበር፤ እሷ ምን እንደመለሰች ግን አልተሰማም። ስትመለስ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። «አንድ ሳምንት» አለች።

ያን ሳምንት አዴ ሞሚና ቀለሟ ቤት አደሩ። በየጠዋቱ ውኃ ይረጫል፤ የባንኩ ሰዎች ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ሱሪያቸውን ጠቅልለው ይረግጣሉ፣ አዴ ሞሚናም ከዘራቸውን ይዘው «እዚያ ጥግ! እሱ አልተነካም!» ይላሉ። በሳምንቱ ከጭቃው ዘግነው ሲለጥፉት እንደ ተጣበቀ ቀረ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ልስኑን ለማንም አልሰጡም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ፤ አንድ ክንድ በጨረሱ ቁጥር ሁለት አስተማሪዎች ከነወንበራቸው እያነሡ ወደፊት ያስጠጓቸዋል። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ልጃቸውን የሚድሩ እናት እንኳ እንዲያ አይደሰቱም።

ዙሀይራ ከአጋርፋ መጣች። እናቷን ይዛ ልትመለስ ያመጣችው ሻንጣ ባዶ ነበር። አዲሱን ግድግዳ በመዳፏ ገፋ፣ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ማታ በነበረው አውቶብስ ብቻዋን ተመለሰች፤ ሻንጣው ውስጥ ቀለሟ በርበሬ ሞልታላት ነበር።

በወሩ ሰቢሪና እንደገና በራቸውን አንኳኳች። በሚቀጥሉት ቤቶች ጭቃውን እንዲያዩላት ስማቸውን ባለሙያ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ጽፋው ነበር። የመጣችው ግን ለሌላ ችግር ነው። ኦቦ መሀመድአወል የሚባሉ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ከገሰራ የሚመጣውን እህል ከመኪና በትከሻቸው ሲያወርዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ ቅጹ ሲነበብላቸው በራቸውን ዘግተውባታል።

አዴ ሞሚና የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ አልጠየቁም። ነጠላቸውን ደረቡና ተከተሏት።

ኦቦ መሀመድአወል ደጃፋቸው ላይ ኩፍ ብለው ተቀምጠዋል። ሰቢሪናን ሲያዩ «ነግሬሻለሁ፣ እኔ ሀርካ ቀሌሳ አይደለሁም» አሉ።

አዴ ሞሚና ጠጋ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ይጨብጡኝ፣ ኦቦ። እኔ ግን ሀርካ ቀሌሳ ነኝ።»

ሽማግሌው ጨበጧቸው። እጃቸውን ሊመልሱ ቢሞክሩ አልተለቀቀላቸውም። የያዛቸውን እጅ አዩ፣ ቀና ብለው ሴትየዋን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ወላሂ ሀርካ ቀሌሳ የሚሉት ይህን ከሆነ» አሉ፣ «እኔንም ጻፉኝ።»