ኳስ መላሿ ሻምፒዮን

ዓረብ አገር፣ አል ዱሃይል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የቪላ ግቢ የቴኒስ ሜዳ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያ ደንበኛዬን ድምጥማጧን አጠፋሁ። በአገሬ የሴቶች ሻምፒዮን ነበርኩ፤ ራኬት ከያዝኩ ማሸነፍ እንጂ ሌላ አላውቅም። ሴትዮዋ ፎጣዋን አንስታ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ሁላችንም ሙዲር የምንለው ግብፃዊ አለቃችን ወደ ጥላው ጠራኝ።

«ማሻአላህ፣ ሻምፒዮን ነሽ። እዚህ ግን ሹግልሽ፣ ሥራሽ፣ ማሸነፍ አይደለም፤ ኳስ መመለስ ነው። ደንበኛዋ ደስ ብሏት ትሂድ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። ሆዴ ግን እምቢ አለ።

ኳስ መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኳሱ ከመረቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደንበኛዋ ብዙ ሳትሮጥ የምትደርስበት ቦታ ማረፍ አለበት። ነጥቡ ሲቀራረብ አንዱን ኳስ መረብ ላይ መጣል ነው፤ ያውም ሳያስታውቅ። እልኸኛ ስለሆንኩ ይህንንም አጥርቼ ተማርኩት።

ኑራን እናቷ፣ ማዳም የምላት፣ ያመጣችልኝ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። ልምምዳችንን ሁልጊዜ በጨዋታ እንዘጋለን፤ ሁልጊዜም ኑራ ታሸንፋለች። ማዳም ወንበሯ ላይ ሆና ታጨበጭባለች።

አደግ ስትል ማዳም ለውድድር አስመዘገበቻት። የዚያን ዕለት ኳስ እየለቀምን ሳለ ኑራ፣ «ኮች፣ አንቺን እያሸነፍኩ የውድድሩ ልጆች ያቅቱኛል?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ልጅቷ ማሸነፏ እውነት መስሏታል። ዝም ብል ሰው ፊት መዋረዷ ነው። እናቷን ባስቀይም ደግሞ ሥራዬም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም አብረው ይሄዳሉ።

በማግስቱ ማዳም እዚያው ተቀምጣ ሳለ አገሬ ሳለሁ እንደምጫወተው ተጫወትኩ። ኑራ ሰርቬን፣ የመክፈቻ ምቴን፣ መንካት እንኳ አቃታት። ራኬቷን ወርውራ አለቀሰች።

«እስከ ዛሬ ስታሾፊብኝ ነበር?»

«አላሾፍኩብሽም። ኳስ ስመልስልሽ ነበር። ዛሬ ግን ተጫወትኩ።»

ማዳም ቦርሳዋን አንስታ መጣች። «ኸላስ፣ በቃ! ሙዲሩን አናግረዋለሁ። ያላ ኑራ፣ እንሂድ!»

ኑራ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ራኬቷን አነሳች።

«ማማ፣ ቆይ። ኮች፣ ያንን ሰርቭ ድገሚው።»

ማዳም አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጇን አየች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኑራ በውድድሩ ተሸነፈች። በማግስቱ እኔ ሜዳ ስደርስ ቀድማኝ ሰርቭ ትለማመድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስረታት ኖርኩ፤ አንድም ኳስ አልተውኩላትም።

ዘንድሮ አሸነፈችኝ። መረቡ ጋ ስንጨባበጥ እጄን አልለቅ አለች።

«ኮች፣ የእውነት ነው?»

«የእውነት ነው» አልኳት። መሸነፌ አናዶኛል፤ ግን እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበትም ጊዜ የለም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነው። ለደንበኛ ኳስ መመለስ ይበቃል። ከተማሪ ጋር ግን መጫወት ያስፈልጋል።